ሁለት የልጆች ክፍል ላለው ቤት፦ የቤቢ ሞኒተር አመራረጥና አጠቃቀም

ቤቢ ሞኒተር ልጅ ከተኛበት ክፍል ድምፅ ወይም ምስል የሚልክ ላኪ (ወይም ካሜራ) እና ያንን ትልቅ ሰው ጋ ሆኖ የሚያሰማ ወይም የሚያሳይ ተቀባይ ያለው ዕቃ ነው። የሚሸጠው ሰው መጀመሪያ የሚነግራችሁ ስክሪኑ ስንት ኢንች እንደሆነና ስንት ካሜራ እንደሚቀበል ነው። አንድ ልጅ በአንድ ክፍል ለሚተኛበት ቤት ይህ ይበቃ ይሆናል። ልጆች በሁለት ክፍል ለሚተኙበት ቤት ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ሁለቱም ክፍል ዝም ሲል ልጆቹ ተኝተው ነው ወይስ አንደኛው መሣሪያ ጠፍቶ ነው? ለዚህ ጥያቄ ራሱ ጮሆ መልስ የማይሰጥ ዕቃ፣ ስክሪኑ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለሁለት ክፍል አይሆንም።

በአንድ ክፍል ነገሩ ብዙም አይከብድም። ካሜራው ከጠፋ ስክሪኑ ይጨልማል፣ ድምፁ ይቋረጣል፣ ሰው ቶሎ ይነቃል። ሁለት ሲሆኑ ግን አንደኛው መሥራቱን ስለሚቀጥል የሌላውን መጥፋት ይሸፍነዋል። ከታላቅየው ክፍል መገላበጥና ማሳል እየተሰማ፣ የትንሿ ክፍል ከተቋረጠ ሰዓት ያለፈው ሊሆን ይችላል። ከዚህ በታች ስለ ሞገድም፣ ስለ ባትሪም፣ ስለ ዝናብም የምጽፈው ዞሮ ዞሮ እዚሁ ላይ ያርፋል።

የማስበው በአዲስ አበባ ዳር ዳር ያሉትን ቤቶች ነው፤ በለቡ፣ በአያት፣ በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በለገጣፎ፣ በሱሉልታ በኩል ያሉትን። ግድግዳው ብሎኬት ነው፤ ፎቅ ካለው መሃሉ አርማታ ሶሌታ ነው፤ ማድ ቤቱና ሰርቪሱ ከዋናው ቤት ጀርባ ለብቻቸው ይቆማሉ፤ መብራት ይሄዳል፤ ክረምት ሲገባ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ሰው ከሰው አያነጋግርም። ለእንጨት ቤት ታስቦ የተጻፈ የካርቶን ማስታወቂያ ለዚህ ዓይነቱ ቤት ብዙ አይረዳም።

በመጀመሪያ ማን የት እንደሚተኛ ወስኑ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የአተኛኘት መመሪያ፣ ሕፃን ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 6 ወራት ከወላጆቹ ጋር በአንድ ክፍል፣ ግን በራሱ አልጋ፣ በጀርባው፣ ጠንካራና ጠፍጣፋ ፍራሽ ላይ እንዲተኛ ይመክራል። ያው አካዳሚ የቤት ውስጥ የልብና የትንፋሽ መከታተያዎች ድንገተኛ የሕፃናት ሞትን ይቀንሳሉ ተብለው እንዳይወሰዱም ያስጠነቅቃል። ስለዚህ አራስ ልጅ ያለበት ቤት “ሁለተኛ ክፍል” የሚለው ብዙ ጊዜ የታላቅየው ክፍል ነው። የሕፃኗ ሞኒተር በዋናነት የሚሠራው ቀን ላይ፣ እሷ መኝታ ቤት ተኝታ ትልቅ ሰው ማድ ቤት ወይም ግቢ ውስጥ ሲሆን ነው።

ይህ ለምርጫው ትልቅ ለውጥ ያመጣል፤ ሁለቱ ልጆች አንድ ዓይነት ነገር አያስፈልጋቸውምና። የ4 ወር ሕፃን ከአልጋዋ የትም አትሄድም፤ የሚፈለገው ድምፅዋ ነው፣ ያውም ገና ማለቃቀስ ስትጀምር። የ2 ዓመት ተኩል ልጅ ደግሞ ዝም ብሎ ከአልጋው ወርዶ፣ በሩን ከፍቶ፣ ደረጃው ጫፍ ይደርሳል። ለእሱ ምስል ነው የሚጠቅመው። ብዙ ሰው ለሁለቱም አንድ ዓይነት ካሜራ ይገዛል፤ እኔ የምመክረው ለሕፃኗ ጥሩ የድምፅ ሞኒተር፣ ለታላቅየው ካሜራ ነው።

ሁለት ካሜራ በአንድ ስክሪን

ባለ ስክሪን ሞኒተሮች ላይ “እስከ 4 ካሜራ” የሚል ጽሑፍ የተለመደ ነው። እውነትም ይቀበላሉ። ችግሩ ያለው ድምፁ ላይ ነው። ብዙዎቹ በየጥቂት ሴኮንዱ ከካሜራ ወደ ካሜራ ይዞራሉ፤ የሚያሰሙት ግን በዚያች ሰዓት ስክሪኑ ላይ ያለውን ክፍል ብቻ ነው። ስክሪኑ አንደኛው ክፍል ላይ ሳለ ሌላኛው ውስጥ የሚያለቅስ ልጅ ተራው እስኪደርስ አይሰማም። ስክሪኑን ከፍለው ሁሉንም ክፍል ባንዴ የሚያሳዩም አሉ፤ ከነሱም ብዙዎቹ ድምፅ የሚወስዱት ከአንዱ ካሜራ ብቻ ነው።

ሻጩን መጠየቅ በቂ አይደለም፤ እዚያው መሞከር ይሻላል። ሁለቱን ካሜራዎች አስከፍቱና ስክሪኑን አንደኛው ላይ አድርጉት። ሌላ ሰው ሁለተኛውን ካሜራ ይዞ ራቅ ይበል፣ ያጨብጭብ። ስክሪኑ በራሱ ወደ ጮኸው ካሜራ ከዞረ ጥሩ ነው። ድምፁ ተሰምቶ ስክሪኑ ባይዞርም፣ የትኛው ካሜራ እንደሆነ የሚያሳይ መብራት ካለው ያስኬዳል። ምንም ካልተሰማ ለሁለት ክፍል አትግዙት። ቀጥሎ ስክሪኑ ላይ የሌለውን ካሜራ ከሶኬት አስነቅሉና በስልካችሁ ሰዓት ያዙ። ተቀባዩ በአንድ ደቂቃ ውስጥ “ተቋርጧል” ብሎ መጮህ አለበት። ዝም ካለ፣ ወይም ተራው ደርሶ ጥቁር ስክሪን እስኪያሳይ ከጠበቀ፣ ያው መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት ዓይነት ዕቃ ነው።

አዲስ ካሜራ ሲጨመር ማጣመር ያስፈልጋል። ከተቀባዩ ማውጫ ላይ የካሜራውን ቁጥር (1፣ 2፣ 3 ወይም 4) ትመርጣላችሁ፤ የቁጥሩ ቆጠራ ሳያልቅ ካሜራው ጀርባ ወይም ሆድ ላይ ያለውን የማጣመሪያ ቁልፍ ተጭናችሁ ትይዛላችሁ። ሁለተኛውን ካሜራ በስህተት በ1 ቁጥር ላይ ካጣመራችሁት የመጀመሪያውን ያስወጣዋል፤ “ሁለተኛው ሲገባ አንደኛው ጠፋ” የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው። እንደ ጨረሳችሁ ካሜራዎቹ ላይ ቁጥራቸውን በፕላስተር ለጥፉ። ለጽዳት ተነሥተው ቦታ ከተለዋወጡ፣ ስክሪኑ “1” ሲል ሰው የሚሮጠው ወደ ተሳሳተው ክፍል ነው።

ከዚህ ሁሉ ጣጣ የሚያሳርፈው ሁለት የማይገናኙ የድምፅ ሞኒተሮችን መጠቀም ነው። እያንዳንዱ የራሱ ላኪና የራሱ ተቀባይ አለው። ዴክት (DECT) በሚባለው የገመድ አልባ የቤት ስልክ አሠራር የሚሠሩት ዲጂታል ሞኒተሮች ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚጣመሩ አንዱ የሌላውን አይሰማም፣ የጎረቤትንም አይጠልፍም። ግንኙነቱ ሲቋረጥ የተቀባዩ መብራት ቀይ ይሆናል ወይም ብልጭ ድርግም ይላል፣ ይጮሃልም። ከአንዱ ተቀባይ ላይ ቀይ፣ ከሌላው ላይ ሰማያዊ ፕላስተር ለጥፋችሁ ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው፣ የትኛው ክፍል እንደጠራ በጨረፍታ ይታወቃል። ይህ በተለይ ቤት ውስጥ አያት ካሉ ያግዛል፤ ማውጫ መክፈት፣ ካሜራ መቀያየር የለም። “እማማ፣ ቀዩ ላይ መብራት ከደረደረ ሕፃኗ ናት፣ ሰማያዊው ከሆነ እሱ ነው” ብሎ አንዴ ማሳየት ይበቃል።

አሮጌዎቹ አናሎግ ሞኒተሮች ላይ ግን ይህ አይሠራም። ሁለት ቻናል ብቻ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ ሁለቱን ስብስብ በአንድ ቻናል ከተዋችኋቸው ይደባለቃሉ፤ ጎረቤትም ተመሳሳይ ዕቃ ካለው የእናንተን ቤት ወሬ ይሰማል። በነፃም ቢሰጧችሁ ለሁለት ክፍል አልመክርም።

አንድ ማሳሰቢያ ዴክት ለምትገዙ፦ አንዳንዶቹ ክፍሉ ዝም ሲል ሞገድ መላክን ሙሉ በሙሉ የሚያቆም የቁጠባ ሁኔታ አላቸው። በዚያ ሁኔታ ላይ ሳሉ የግንኙነቱ መቋረጥ ዘግይቶ ሊታወቅ ይችላል። አጥፉት።

ከውጭ የመጣ ዕቃ

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጣ ሞኒተር ብዙ ነው፤ ዘመድ “ለልጆቹ” ብሎ ይልካል። ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛው የኤሌክትሪክ ኃይሉ ነው፦ አዳፕተሩ ላይ ባለው ትንሽ ጽሑፍ የመግቢያው መጠን ከ100 እስከ 240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ ካለ በቀጥታ ይሰካል፤ የስፒና መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 ቮልት ያቃጥለዋል። ሞኒተሩን አትጣሉት፤ የሚያወጣውን ቮልት (ብዙ ጊዜ 5 ወይም 6)፣ የአምፔሩን መጠንና የጫፉን ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ የሚያሟላ አዳፕተር እዚሁ ይገኛል። አምፔሩ ከዋናው ቢበልጥ ችግር የለውም፤ ቮልቱ ግን መለየት የለበትም።

ሁለተኛው ሞገዱ ነው፤ ይህን የሚያጣራ ሰው ጥቂት ነው። የአሜሪካው ዴክት የሚሠራው ከ1920 እስከ 1930 ሜጋኸርዝ ነው፤ ያ ደግሞ እኛ አገር የሦስተኛው ትውልድ ሞባይል ስልኮች ወደ ማማው የሚልኩበት መስመር መጀመሪያ ነው። “900 ሜጋኸርዝ” የተባሉትም ከ902 እስከ 928 ባለው ላይ ስለሚሠሩ፣ ስልኮች ወደ ማማው ከሚልኩበት ከ890 እስከ 915 ካለው ጋር ይደራረባሉ። ውጤቱ ሁለት ወገን ነው፦ የሞባይል ኔትወርኩን ያውካል፣ አጠገቡ ስልክ ሲደወልም ሞኒተሩ ይንጫጫል። የአውሮፓው ዴክት ከ1880 እስከ 1900 ነው፤ ከነዚህ መስመሮች ውጪ ስለሆነ ከዱባይም ከአውሮፓም የሚመጣውን ዴክት አውሮፓዊ መሆኑን አይታችሁ ግዙ። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩት ባለ ስክሪኖች በሁለቱም ዓለም አንድ ስለሆኑ ከአሜሪካም ቢመጡ አያሠጉም።

ግድግዳው

ካርቶን ላይ የሚጻፈው 300 ሜትር ሜዳ ላይ የተለካ ነው። ሁለት የብሎኬት ግድግዳ ሲያልፍ ብዙ ይቀንሳል፤ ብረት የታሰረበት ሶሌታ ሲያልፍ ደግሞ የበለጠ። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ከሆነ ሞገዱ የሚወርደው በአብዛኛው በሶሌታው ሳይሆን በደረጃው ክፍተት ነው። ስለዚህ ላኪውን ከክፍሉ በር ወይም ከደረጃው ፊት ለፊት ማድረግ፣ ቁም ሳጥን ጀርባ ከመደበቅ የሚያመጣው ልዩነት ትልቅ ነው። የብረት በርና የቆርቆሮ ግድግዳ ሞገድን በጣም ይከላከላሉ። ማድ ቤቱ በቆርቆሮ የተሠራ ከሆነ ተቀባዩን ውስጥ መደርደሪያ ላይ አታድርጉት፤ ወደ ቤቱ በሚያየው መስኮት ወይም በር አጠገብ፣ ከምጣዱ እንፋሎት ራቅ አድርጋችሁ ስቀሉት።

ግድግዳ ከመብሳታችሁ በፊት ቤቱን በእግራችሁ ለኩት። በልጁ አልጋ ላይ ስልክ አስቀምጣችሁ የሰው ንግግር ክፈቱ፤ ሙዚቃ ሲቆራረጥ ስለማያስታውቅ ንግግር ይሻላል። ላኪውን ባሰባችሁበት ቦታ አድርጉ፣ የክፍሉን በር ዝጉ። ተቀባዩን ይዛችሁ ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ማድ ቤት፣ ሰርቪስ፣ ልብስ ማስጫው ጋ፣ የግቢው በር ድረስ ሂዱ። በየቦታው ለግማሽ ደቂቃ ቁሙ። የተቆራረጠበትን ጻፉ፤ ከዚያ ለሁለተኛው ክፍል ድገሙት። ሁለቱም ላኪዎች በርቀት የተለያዩ ስለሆኑ ማድ ቤት ሆኖ አንደኛው ጥርት ብሎ ሌላው ሊጠፋ ይችላል። ይህን ምሽት ላይ፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ብታደርጉት ይመረጣል፤ የ2.4 ጊጋኸርዝ ሞኒተር ከጎረቤት ሁሉ ዋይፋይ ጋር የሚሻማው ያኔ ነው። በተለይ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቀን የሠራ ማታ ሊቆራረጥ ይችላል። የራሳችሁን ራውተር ከላኪውም ከተቀባዩም ቢያንስ 2 ሜትር አርቁት፤ ማይክሮዌቭ በሚሠራበት ጊዜም ተቀባዩ አጠገቡ አይሁን።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

ለዚህ ክፍል ጊዜ ስጡት፤ እዚህ ሞኒተር የሚያበላሸውም የሚያታልለውም ይኸው ነውና። መብራት ሲሄድ ሁለቱም ላኪዎች ባንዴ ይጠፋሉ፤ ተቀባዩ በባትሪ ስለሚሠራ ይጮሃል፣ ያ ደህና ነው። ክፋቱ መብራት ሲመጣ ነው። ከጎን ወይም ከኋላ የሚንሸራተት ማብሪያ ያላቸው ካሜራዎች መብራት ሲመለስ ራሳቸው ይነሣሉ። ተጭነው የሚይዙት ቁልፍ ያላቸው አንዳንዶቹ ግን ሰው እስኪነካቸው ጠፍተው ይቆያሉ። ሌሎች ይነሡና የድምፅ ስሜታቸው (ምን ያህል ትንሽ ድምፅ እንደሚይዙ) ወደ ፋብሪካው መጠን ይመለሳል። ስትገዙ ነቅላችሁ አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ ሰኩት፤ ምንም ሳትነኩ ወደ ነበረበት ካልተመለሰ ሌላ ምረጡ።

ካሜራ የሚወስደው ኃይል ትንሽ ነው። አዳፕተሩ ላይ 5 ቮልት 1 አምፔር ቢጻፍም፣ ሲሠራ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 3 ዋት ነው። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ ውስጡ ያለው ባትሪ 3.7 ቮልት ስለሆነ 37 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ በመቀየር የሚባክነውን ስትቀንሱ 30 ገደማ ይቀራል። ለ2.5 ዋት ካሜራ ይህ 12 ሰዓት ነው፤ ሌሊቱን ያሳድራል። ለሁለት ክፍል ሁለት ፓወር ባንክ ያስፈልጋል፤ ካሜራው ዩኤስቢ የሚሰካበት ከሆነ ነው ይህ የሚሆነው።

ፓወር ባንኩን ሁልጊዜ ከሶኬትና ከካሜራው ጋር ሰክቶ ለመተው ሁለት ጣጣ አለ። እየተሞላ እያለ ለሌላ ኃይል የማይሰጥ ብዙ አለ። የሚሰጠውም መብራት ሲሄድ ለአፍታ ይቋረጥና ካሜራው ጠፍቶ ይነሣል። ይህ ካሜራው ራሱ የሚነሣ ዓይነት ከሆነ አያሳስብም። ሌላው ደግሞ በድምፅ ላኪዎች ላይ የሚታይ ነው፦ የሚስቡት ኃይል በጣም አነስተኛ ስለሆነ ፓወር ባንኩ “ምንም አልተሰካም” ብሎ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ራሱን ያጠፋል። ለድምፅ ላኪ መፍትሔው ባትሪ የሚያስገባ ቦታ ያለውን መግዛት ነው፤ መብራት ሲሄድ ሳይቋረጥ ወደ ባትሪው ይዞራል። የድንጋይ ባትሪ ውስጡ ሲረሳ ስለሚፈስ በየ3 ወሩ አውጥታችሁ እዩት።

ላኪውን ከኤሌክትሪክ ምጣድ ጋር በአንድ ዲቫይደር አትሰኩ። ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ የሚስብ ዕቃ ነው፤ ሲበራና ሲጠፋ፣ በተለይ ከትራንስፎርመር በራቁ ሰፈሮች፣ ቮልቱ ወርዶ ይወጣል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚቀበል አዳፕተር መውረዱን ይችላል፤ የሚጎዳው መብራት ሄዶ ሲመጣ ያለው ድንገተኛ ከፍታ ነው። ለሁለቱም ክፍል ከከፍተኛ ቮልት የሚከላከልና ኃይል ሲመለስ ለጥቂት ደቂቃ አዘግይቶ የሚያበራ መከላከያ መግዛት ሁለት ካሜራ ከመተካት ይረክሳል። ለዋይፋይ ካሜራ ከሆነ ራውተሩም መኖር አለበት፤ ራውተሩ የሚፈልገውን ቮልት (ብዙ ጊዜ 12) የሚሰጥ ሚኒ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲሄድ የሚተካ ትንሽ ባትሪ፣ ከራውተሩ ጋር አያይዙ። ካሜራዎቹ በፓወር ባንክ ቢቆዩም ራውተሩ ከጠፋ ዋጋ የላቸውም።

ሐምሌ ላይ የሚሆነው

ሞኒተሮች ዝምታ ሲሆን ድምፅ ዘግተው፣ ከተወሰነ መጠን ያለፈ ድምፅ ሲመጣ ብቻ የሚከፍቱበት ሁኔታ አላቸው። በበጋ ምቹ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ግን ያለማቋረጥ ይከፈታል። ሰው ይሰለቸውና የስሜቱን መጠን ዝቅ ያደርገዋል፤ ዝናቡ ሲያባራ ማንም መልሶ ከፍ አያደርገውም፤ ከዚያ በኋላ የሕፃኗ ማለቃቀስ ሞኒተሩን ለመክፈት አይበቃም። ይህ በዚህ ሰፈር ሞኒተር ከሚያሳስትባቸው መንገዶች ዋናው ይመስለኛል።

መጠኑን ከመቀነስ በፊት ላኪውን ወደ ልጁ አቅርቡት። ከ3 ሜትር ወደ 1 ሜትር ተኩል ሲመጣ የልጁ ድምፅ በጣም ይጎላል፣ የጣሪያው ግን ያው ነው። ማይክሮፎኑ ወደ አልጋው እንጂ ወደ ጣሪያው ወይም ወደ መስኮቱ እንዳይዞር አድርጉ። ኮርኒስ የሌለው ክፍል ከሆነ ልጁን ኮርኒስ ወዳለው ክፍል ማዛወር ከየትኛውም ሞኒተር ይልቃል። ይህም ካልበቃ ድምፅ የሚዘጋውን ሁኔታ ጭራሽ አጥፍታችሁ ሌሊቱን ክፍት ተዉት፤ የዝናቡ ሁካታ ራሱ ላኪው በሕይወት እንዳለ ይነግራችኋል። ከዶፉ በላይ ልጁን መስማት ካልተቻለ ደግሞ በዚያ ሌሊት ሞኒተሩን ሳይሆን እግራችሁን እመኑ፤ በየተወሰነ ጊዜ ገብቶ ማየት ነው።

የሌሊት ውሻ፣ በከተማው ዳር የሚመጣው ጅብ፣ የንጋት ድምፅ ማጉያም ሞኒተሩን ይከፍቱታል። ለሁለቱ ክፍሎች አንድ ዓይነት መጠን አትስጡ። ወደ መንገድ ያለው ክፍል ዝቅ፣ ወደ ጓሮ ያለው ከፍ ይበል። መጠኑን ስታስተካክሉ አልጋው ላይ ስልክ አድርጋችሁ የለስላሳ ለቅሶ ቅጂ ክፈቱና ተቀባዩ የሚከፈትበትን ዝቅተኛ የስሜት መጠን አግኙ፤ ሁለት ደረጃ ከፍ አድርጋችሁ ተዉት።

ሽቦውና ቦታው

በዚህ ላይ ድርድር የለም፦ የሞኒተር ሽቦ ከሕፃን አልጋ በየትኛውም አቅጣጫ፣ ከላይም ጭምር፣ ከ1 ሜትር ያነሰ ርቀት ላይ መሆን የለበትም። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ 1.7 ሚሊዮን ገደማ ባለ ስክሪን ሞኒተሮች ላይ የማስጠንቀቂያ ጥሪ የወጣው፣ በካሜራው ሽቦ አንገታቸው ታንቆ ሁለት ሕፃናት ከሞቱ በኋላ ነው። ካሜራ በአልጋ ፍርግርግ ላይ ማሰር፣ ሽቦውን በፍራሹ ሥር ማሳለፍ አይቻልም። ልጁ መቆም ሲጀምር የደረሰበት ርቀት ስለሚለወጥ እንደገና ለኩ።

ካሜራውን ግድግዳ ላይ ከ1.8 እስከ 2 ሜትር ከፍታ፣ ከአልጋው አግድም ስቀሉት። ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ድሪሉ ባዶ ቦታ ላይ ሲገባ ፊሸሩ ይዞራል፣ አይይዝም። በሁለት ብሎኬት መሃል ያለውን የስሚንቶ መጋጠሚያ ፈልጋችሁ 6 ሚሊ ሜትር ፊሸር አስገቡ። ሽቦውን እስከ ሶኬቱ ድረስ በፕላስቲክ መሸፈኛ ውስጥ አስገብታችሁ ግድግዳው ላይ ለጥፉት፤ ለታላቅየው ክፍል ይህ ግዴታ ነው፣ የተንጠለጠለ ሽቦ ይጎትታልና።

ሌሊት ምስሉ ሁሉ ነጭ ከሆነ መጀመሪያ አጎበሩን ጠርጥሩ። ካሜራው በጨለማ የሚያየው ራሱ በሚረጨው የማይታይ ብርሃን ነው፤ ፊቱ ላይ ያለ መረብ መልሶ ያንጸባርቅበታል። የመስኮት መስታወትም እንዲሁ ነው። አንግሉን መቀየር ብዙ ጊዜ ይበቃል። የሙቀት ቁጥሩንም እንዳለ አትውሰዱ፤ መለኪያው ከሚሞቀው ካሜራ ጋር ስለሆነ ከእውነተኛው ከፍ ሊል ይችላል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ ፍራሹ አጠገብ ተራ ቴርሞሜትር አድርጋችሁ ልዩነቱን እወቁ።

በስልክ ለሚከታተሉ

የዋይፋይ ካሜራ ርካሽ ነው፣ ሁለት መግዛትም አይከብድም። ግን ዳታውን አስሉት። ምስሉ በኢንተርኔት በኩል ዞሮ የሚመጣ ከሆነና በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ቢወስድ፣ በሰዓት 450 ሜጋባይት ነው። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት 4.5 ጊጋባይት፤ ለሁለት ካሜራ 9። ጥቅሉ የተገደበ ቤት ይህን አይችልም። ስለዚህ በቤቱ ዋይፋይ ውስጥ ብቻ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ፦ ዋይፋዩን ሳታጠፉ የራውተሩን ሲም ወይም መስመር ንቀሉ። ምስሉ ከቀጠለ ኢንተርኔት ቢቋረጥም ልጆቹን ታያላችሁ። “ኦንቪፍ” (ONVIF) ወይም “አርቲኤስፒ” (RTSP) የሚባሉትን፣ ምስሉን በቤቱ ኔትወርክ በቀጥታ ለማየት የሚያስችሉ የጋራ አሠራሮች የሚደግፉ ካሜራዎች ለዚህ የተሻሉ ናቸው። የመዘግየቱንም ነገር ሞክሩ፤ እያጨበጨባችሁ ስልኩን ስሙ። ጥቂት ሴኮንድ መዘግየት በኢንተርኔት በኩል ለሚመጣ የተለመደ ነው።

የራሳችሁን ስልክ ብቸኛ ተቀባይ አታድርጉት። ስልክ ሲደወል የካሜራው ድምፅ ይቋረጣል፤ ባትሪ ለመቆጠብ ስልኩ አፑን ከጀርባ ይዘጋዋል፤ ሳይለንት ላይ ረስታችሁት ትተኛላችሁ። ሁለት አሮጌ ስልኮች ለሁለቱ ካሜራዎች ለየብቻ ብትመድቡ ይሻላል፤ ሲም አውጡ፣ በሴቲንግ ውስጥ ለዚያ አፕ የባትሪ ገደቡን አንሡ፣ ስክሪኑ እንዳይጠፋ አድርጉ፣ ቻርጀር ላይ ተዉ።

ካሜራው የመጣበትን ፓስዎርድ በዚያው ቀን ቀይሩ። ያገለገለ ካሜራ ከሆነ የሪሴት ቀዳዳውን በመርፌ ተጭናችሁ ድምፅ እስኪሰጥ ያዙት፤ የቀድሞው ባለቤት አካውንት ካልወጣ እሱም ያያል። ለሞግዚቷ የናንተን ፓስዎርድ ሳይሆን በአፑ የማጋሪያ ቦታ የራሷን መግቢያ ስጧት፤ ሥራ ስትለቅ ያንን ብቻ ትሰርዛላችሁ። ካሜራው የት እንዳለና ድምፅም እንደሚወስድ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ንገሯት። እሷም ልብስ የምትቀይርበት፣ ስልክ የምታወራበት ክፍል ሊሆን ይችላል፤ ሳታውቅ መቅረጽ ነውር ነው።

የተቀባዮቹ ባትሪ

ተቀባዩ ባትሪው ሲዳከም ሁሉም ነገር ዋጋ ያጣል። ሌት ተቀን ቻርጀር ላይ የሚውል ባትሪ ቶሎ ይደክማል፤ አዲስ ሳለ ሌሊቱን ያሳደረ ከዓመት በኋላ ሁለት ሰዓት ላይቆይ ይችላል፤ ይህም የሚታወቀው መብራት የሄደ ሌሊት ነው። በወር አንዴ፣ ቀን ላይ፣ ሁለቱንም ተቀባዮች ሙሉ ሞልታችሁ ንቀሉና እስኪጠፉ ያለውን ሰዓት ጻፉ። ከ5 ሰዓት በታች ሲወርድ ባትሪውን ቀይሩ። ክዳኑ ካበጠ ወይም ከተነሣ ወዲያውኑ ከቻርጀር አውጡት፣ መልሳችሁ አትሰኩት። ሁለቱንም ባትሪ ባንድ ቀን አትቀይሩ፤ በወራት ልዩነት ከቀየራችኋቸው ባንዴ አይደክሙም።